ለአንድ ሰው የሚሆን መዶሻ

ቀጥቃጩ ግራ ጆሮው አይሰማም። ዕድሜ ልኩን ብረት ሲጮህበት ኖሮ አንድ ቀን ድርግም አለ። ሰፈሩ ይህን ስለሚያውቅ ቁም ነገር ያለው ሰው ዞሮ በቀኙ ይመጣል፤ ሊያማው የፈለገ ደግሞ በግራው ቆሞ እንዳሻው ያወራል። እሱም ሐሜተኛውን ከዓይኑ ያውቀውና ዝም ብሎ ሥራውን ይሠራል። ድሮም ቢሆን ነገር የሚያበዛ ሰው አልነበረም።

የሚሠራው ከመኖሪያው ፊት ለፊት፣ በሩ ወደ መንገድ በተከፈተ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ፣ ከምድጃው ሥር ከአሮጌ መኪና የተነቀለ የአየር ማራገቢያ፣ መሀል ላይ በወፍራም ጉቶ ላይ የተቀመጠ፣ ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ፣ ከአጠገቡ ውሃ የሞላ በርሜል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ጉጠት ተሰቅሎበታል። ወለሉ አፈር ነው። ከመስፉ ወዲህና ወዲያ ሁለት ቦታ ላይ አፈሩ ጎድጉዷል፤ አንዱ እሱ የሚቆምበት፣ ሌላው ሚስቱ የምትቆምበት።

ሚስቱ፣ ሲያገባት፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነበረች። እርጥብ አንሶላ ስትጠመዝዝ ኖራ ክንዷ ፈርጥሞ ነበር። በዚያን ጊዜ ቀጥቃጩ ትልቁን መዶሻ የሚመታለት አንድ ግዙፍ ሰው ቀጥሮ ነበር የሚሠራው። ያ ሰው አንድ ቀን ድንጋይ የሚፈለጥበት ቦታ የተሻለ ሥራ አገኘና፣ ደህና ሁን እንኳ ሳይል፣ ብረቱ እሳት ውስጥ እንዳለ ጥሎት ሄደ። እሷ ምሳ ይዛ ስትደርስ ባሏ በአንድ እጁ ጉጠት፣ በአንድ እጁ መዶሻ ይዞ መንገድ መንገዱን ያያል። ሳህኑን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች፤ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አሰረች፤ ግድግዳው ጋ የተደገፈውን ትልቅ መዶሻ አነሳች።

«የት ልምታ?» አለችው።

«እኔ የነካሁት ቦታ ላይ።»

ነገሩ በዚሁ አለቀ። ከዚያች ቀን በኋላ ወደ ሆቴሉ አልተመለሰችም፤ እሱም ሌላ ሰው አልፈለገም። ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ለመደ፣ በመጨረሻም «ብርቱ» የሚል ስም አወጣላት። የወጣላትን ስም ትቶ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ወንድሟ ብቻ ነበር። ባሏማ «አንቺ» ነው የሚላት።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። እሱ በግራ እጁ የጋለውን ብረት በጉጠት ይይዛል፤ በቀኝ እጁ ትንሽ መዶሻ አለው። በትንሿ መዶሻ ብረቱን አንድ ጊዜ ነካ ያደርጋል። እሷ ትልቁን መዶሻ በሁለት እጇ አንስታ እዚያው ላይ ታሳርፋለች። ቀስ ብሎ ከነካ ቀስ ብላ፣ ጠንክሮ ከነካ ጠንክራ። ይበቃል ሲል ትንሿን መዶሻ በጎኗ መስፉ ላይ ያስተኛታል፤ እሷም ትቆማለች። ወፍራም ብረት የሚቀጥነውና የሚጣመመው በእሷ ምት ነው። የእሱ መዶሻ ከመዶሻነቷ ይልቅ ጣት ነበረች ማለት ይቻላል፤ መጠቆሚያ። ይህን ያን ጊዜ ብትነግሩት አይገባውም ነበር። መዶሻዬ ጥሩ መዶሻ ናት ነበር የሚለው።

አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ አድጋ ከከተማው ወዲያ ማዶ አገባች፤ አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ትቆርጣለች። እነሱ ሁለቱ ቀሩ፣ ጠዋት እሳት እያቀጣጠሉ፣ ማታ አመድ እየጠረጉ።

የሞተችው በአንድ ተራ ጠዋት ነው። ሥራ ከጀመሩ ብዙም አልቆዩም። «ትንሽ ልቀመጥ» አለችና በሩ አጠገብ በተገለበጠች ሳጥን ላይ ተቀመጠች። እሱ ከሰሉን እየቆሰቆሰ ነበር። ቀድሞ ያያት ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው በያጅ ነው፤ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ሮጦ ሲገባ ቀጥቃጩ ጎረቤቱ ፍም ሊዋስ የመጣ መሰለው። ሐኪሙ በኋላ ልቧ ነው፣ ብዙ አልተሠቃየችም አለ።

የተቀመጠችው በግራው በኩል ነበር። ጠርታው ይሁን አይሁን አያውቅም። ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ለማንም አልተናገረም።

በለቅሶው ሰሞን ሰዉ ሲመጣ ወንበር እየሳበ አስቀመጠ። ውሃ ያላገኘ እንዳለ ጠየቀ። ዝናብ ሲመጣ ጫማዎቹን ከበር ወደ ውስጥ ያስገባው እሱ ነው። የሚስቱ ወንድም፣ አናጢው፣ መሬት ላይ ተንከባሎ አለቀሰ፤ ሁለት ሰው ደግፎ አነሳው። ቀጥቃጩ ጎንበስ ብሎ የአናጢውን ኮፍያ ከመሬት አንስቶ አራገፈለትና ራሱ ላይ መልሶ አደረገለት። እንባ ጠብ አላለውም። አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ፣ አንዳንዱ በግራው ቆሞ አወራ።

ሰዉ ሲበተን ወደ ሥራው ተመለሰ። የሚያስቸኩል ሥራ ነበረው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ትልቁ የእንጨት በር ወድቆ፣ አናጢው አዲስ በር ሊሠራ፣ እሱ ደግሞ ማጠፊያዎቹን ሊሠራ ሚስቱ በሕይወት ሳለች ተነጋግረው ነበር። እንደ ቤት በር ማጠፊያ አይደለም። በሩ ከባድ ስለሆነ እንደ ክንድ የረዘመ፣ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ብረት ነው የሚፈልገው። ቀድሞ የነበረውን በያጁ በየደው፣ ተሰነጠቀ፤ ደግሞ በየደው፣ ደግሞ ተሰነጠቀ። ስለዚህ ተቀጥቅጦ መሠራት አለበት።

እሳቱን አቀጣጠለ። ብረቱ ፍም መሰለ። በጉጠት አወጣው፣ መስፉ ላይ አሳረፈው፣ በትንሿ መዶሻ ነካ አደረገው። ከዚያ ጠበቀ።

ብረቱ ቀይ ነበር፤ ጠቆር እያለ ሄደ። ራሱን ያዘና ሳቅ እንደማለት አደረገው፤ ሳቅ ግን አልነበረም። ብረቱን ወደ እሳቱ መለሰው። ሁለተኛ ሲያወጣው እጁ አሁንም አንድ ጊዜ ነካ አደረገና ቆመ። ልቡ ያውቃል፤ ለእጁ የነገረው የለም። ብረቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠቁር ድረስ እዚያው ቆሞ አየው። አዘነ እንዳይባል፣ ምንም አልተሰማውም። ተርቦ እንደሆነ እንኳ አላወቀም።

ከዚያ በትንሿ መዶሻ ብቻውን ሞከረ። ዝንብ ብረት ላይ እንዳረፈች ያህል ነው። ብረቱ ቆዳው ትንሽ ተነካካ እንጂ ውስጡ አልሰማም። የሚስቱን መዶሻ አንስቶ በአንድ እጁ ሞከረ፤ አንድ ጊዜ አነሳው፣ ሲወርድ አቅጣጫውን ስቶ የመስፉን ጠርዝ መታው፣ የእጁ አንጓ ጠዘጠዘ። ለሁለት እጅ የተሠራ መዶሻ ነው፤ ሌላው እጅ ደግሞ ጉጠት ይዟል።

በያጁ ከማዶ ሲያየው ቆይቶ መጣ፤ ደግ ሰው ነው። በቀኙ በኩል ዞረ።

«ጋሼ፣ ዛሬን እኔ ልምታልህ» አለው።

«ታውቅበታለህ?»

«መምታት ምን እውቀት አለው?»

አነሳና እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው አወረደው። ብረቱ በአንድ ጎኑ ተጨፈለቀ። ቀጥቃጩ ትንሿን መዶሻ በጎኗ መስፉ ላይ አስተኛት። በያጁ የዚህን ትርጉም ከየት ያውቀዋል፣ ደግሞ መታ። የቀጥቃጩ እጅ ለጥቂት ተረፈ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ «ይበቃል።»

«ሰው ቅጠር እንግዲህ። ወይ እንደኔ ብየዳ ግባ፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ሥራ ነው።»

«ላስብበት» አለ፤ አላሰበበትም። ሰው መቅጠር ማለት እዚያ ጉድጓድ ላይ ሌላ ሰው ማቆም ነው። ያስቸገረው ግን ይህ ብቻም አልነበረም፤ አዲስ ሰው ማስተማር ማለት ማውራት ነው፣ ማውራት ደግሞ በዚያ ሰሞን ከአፉ ውስጥ ድንጋይ እንደማውጣት ሆኖበት ነበር። የሚያስፈልገው ከትንሿ የሚከብድ፣ ከትልቁ የሚቀል፣ በአንድ እጅ ተይዞ ወፍራም ብረት የሚያንቀሳቅስ መዶሻ ነው። እንዲህ ያለ መዶሻ በቤቱ አልነበረም። በሁለት ሰው ቤት ውስጥ ማን ይፈልገዋል?

በማግስቱ አሮጌ ብረት የሚሸጥበት ቦታ ሄደ። ሻጯ የመኪና ጎማ ላይ የተቀመጠች፣ ፀሐይ ያከሰላት ሴት ናት፤ ምላሷ ግን ሁልጊዜ ትኩስ ነው። ከፊቷ የተሰባበረ ማረሻ፣ የመኪና ሞላ፣ ሰንሰለት፣ ቁልፍ የሌለው ጓጉንቸር ተከምሯል። የመዶሻ ራሶች በአንድ ቆርቆሮ ባልዲ ውስጥ ነበሩ። ባልዲውን መሬት ላይ ዘረገፈና ቁጢጥ አለ።

መጀመሪያ አዲስ የሚያብረቀርቀውን አነሳ። ከኪሱ ሞረድ አውጥቶ ጎኑን ፈተገው። ሞረዱ ሳሙና እንደሚነክስ ነከሰው። መልኩ መዶሻ ነው፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ጥቂት ቀን ቢመታበት ፊቱ ይጎደጉዳል። አስቀመጠው። ሌላውን ፈተገ፤ ሞረዱ መስታወት ላይ እንዳለ ተንሸራተተ። ይሄኛው ደግሞ ከመጠን በላይ የጠነከረ ነው፤ ጠርዙ ተሸርፏል፣ አንድ ቀን ስባሪው ከዓይኑ ይገባል። እሱንም አስቀመጠው። አንደኛው የእጀታ ቀዳዳው ጠምሞ ነበር፤ በዓይኑ ልክ ይዞ ብርሃኑን ሲያይበት ወዲያው ለየው። የጠመመ ቀዳዳ ምቱን ያጠምማል።

የቀሩትን አንድ በአንድ በሽቦ አንጠለጠለና በቤቱ ቁልፍ መታ መታ አደረጋቸው፤ ቀኝ ጆሮውን አስጠግቶ። ስንጥቅ ያለበት መዶሻ እንደታመመ ሰው ያጉረመርማል፤ ጤነኛው ግን ድምፁ ጥርት ብሎ ይቆያል።

«ጋሼ» አለች ሻጯ፣ «መዶሻ ነው ወይስ ሚስት የምትመርጠው?»

ቀና ብሎ አያት። አታውቅም፤ ከሌላ ሰፈር ናት።

«ሚስትስ አልመረጥኩም» አላት። «ራሷ ናት መዶሻውን ያነሳችው።»

ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት ከልቧ ሳቀች። እሱም ስትስቅ አያት፣ ቅር ሳይለው፣ ሳይከፋው። የሚቀጥለውን አንጠለጠለ።

የመረጠው ከሁሉም መልከ ጥፉውን ነው። ዝገት በልቶታል፤ ፊቱ በብዙ ዘመን ምት ተዘርግቶ ጠርዙ እንደ እንጉዳይ ቆብ ወደ ውጭ ተንከባሏል፤ ቀዳዳው ውስጥ የበሰበሰ እንጨት ተወትፏል። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነበር። ክንዱን ዘርግቶ በመዳፉ ላይ አስቀመጠውና ቆየ። ክንዱ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር አወረደው። ይኼ ይሆናል አለ በልቡ።

«ይሄን ዝገት?» አለች ሻጯ። «አዲስ እያለ?»

«ይሄ ብረት ነው» አላትና ይዞ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ማጠፊያውን ትቶ መዶሻውን ሲያዘጋጅ ሰነበተ። አናጢው በሩን ሊጨርስ ነው የሚል ወሬ ቢደርሰውም አልቸኮለም። የበሰበሰውን እንጨት በጠፍጣፋ ብረት እየገፋ አወጣው። እሳት ውስጥ ቢጥለው በአንዴ ይነድለት ነበር፤ ግን እሳት የገባ መዶሻ ጥንካሬውን ያጣል። የበያጁን በኤሌክትሪክ የሚዞር የብረት መሳያ ተዋሰና የተንከባለለውን ጠርዝ ላጠው። ትንሽ ስሎ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ስሎ ይነክረዋል። ብረቱ ሲሞቅ ሰማያዊ ከሆነ አለቀለት ማለት ነው፣ ለስልሷል። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሐሳብ አይፈልግም፤ ዓይንና ትዕግሥት ብቻ። ለእሱም የሚስማማው ይኸው ሆነ።

ፊቱን ፍጹም ጠፍጣፋ አላደረገውም። መሀሉ በጣም ጥቂት ከፍ እንዲል፣ ጠርዙ ክብ እንዲሆን በሞረድ፣ ከሞረድ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። ሹል ጠርዝ ያለው መዶሻ ብረቱ ላይ ጠባሳ እያስቀረ ይሄዳል። ለስላሳ ጣውላ ላይ እየመታ አሻራውን አየ፤ የግማሽ ጨረቃ ምልክት የሚተው ከሆነ ጠርዙ ገና ነው፤ ደብዘዝ ያለ ክብ ከተወ ደርሷል። ቀጭኑን ጀርባውንም እንደ አውራ ጣት ጀርባ እስኪለሰልስ አሸው። ብረት የሚያስረዝመው እሱ ነው።

እጀታ ቀረው። ወደ አናጢው ሄደ።

አናጢው ከሚስቱ ታናሽ ነው። ብዙ የሚያወራ፣ ብዙ የሚስቅ ሰው ነበር፤ አሁንም ያወራል፣ ግን መሀል ላይ የሚናገረው ይጠፋውና ይቆማል። የበሩን ጣውላዎች አጋጥሞ ሰጋቱራ ውስጥ ተንበርክኮ አገኘው።

«ማጠፊያው ደረሰ?» አለው።

«አልደረሰም። እጀታ ፈልጌ ነው።»

አናጢው መዶሻውን ተቀብሎ አገላበጠው፤ ጥሩ ሥራ ሲያይ ደስ ይለዋል። የእንጨት ቁርጥራጮቹን ማገላበጥ ጀመረ። ያለው ለበርና ለመስኮት የሚሆን ልፍስፍስ እንጨት ነው። ወይራ አገኘና ሚዛኑን ለካ፤ ግን ገና እርጥብ ነበር።

«ይሄን ብሰጥህ ሲደርቅ ይሟሽሽና የመዶሻው ራስ በሮ አንድ ሰው ይገድላል። ደረቅ ነው የምትፈልገው።»

«ደረቅ አለኝ።»

«ታዲያ ምን አመጣህ?»

«ቀጥ አድርገህ እንድትቆርጥልኝ ነው። የትልቁ መዶሻ እጀታ ነው።»

አናጢው ወዲያው አልገባውም። ሲገባው እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ አወረደ፤ ደግሞ መለሰው።

«የእህቴን?»

«ከእሱ የተሻለ ደረቅ ወይራ የለም። ጅማቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነው። መርጬ ነው የሠራሁላት።»

«እህቴ ስትይዘው የኖረችውን።»

«አዎ።»

«ሰው ነህ አንተ?» አለ አናጢው፣ ድምፁን ሳያነሳ። «አንዲት እንባ ሳታፈስ ቀበርካት። ምንም አላልኩህም፤ የሰው አመሉ ይለያያል አልኩ። አሁን ደግሞ ዕቃዋን ቆርጬ ልሥራበት ትላለህ።»

መዶሻው እጀታ ይፈልጋል፤ እንጨቱ እዚያ አለ። ከዚህ ሌላ በቀጥቃጩ ሐሳብ ውስጥ የነበረ ነገር የለም፤ ቢኖር ይናገረው ነበር።

«አሁን የሚይዘው የለም» አለ በመጨረሻ።

«በል ሂድ። ራስህ ቁረጠው። እኔ ቤት ግን አይሆንም።»

መዶሻውን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ተመለሰ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የትልቁን መዶሻ ራስ አወለቀና እጀታውን በሁለት ጉልበቱ መሀል ይዞ በመጋዝ ቆረጠው። ውጩ በእጅ ወዝ ጠቁሮ ነበር፤ ውስጡ እንደ አዲስ ፈካ ያለ ወጣ። አንዱ እጇ የማይንቀሳቀስበት ጫፉ ላይ የጣቶቿ ቦታ ስምጥ ስምጥ ብሏል። ሌላው እጇ ሲወጣና ሲወርድበት የኖረው መሀሉ ደግሞ የወንዝ ጠጠር እስኪመስል ለስልሷል። የሚጠቅመው መሀሉ ነው። ጫፉን ለየውና ከእሱ ላይ አንድ ስስ ሽብልቅ ፈልጦ፣ የቀረውን እሳት ማቀጣጠያ ፍልጥ ውስጥ ጣለው።

እጀታውን መጀመሪያ በቢላዋ፣ ከዚያ በመስታወት ስባሪ ላጠው። መስታወት እንደ ወረቀት የሳሳ ልጥ ያወጣል። እየላጠ ይጨብጠዋል፤ ሲጨብጠው የጣቶቹ ጫፍ መዳፉን በጭንቅ መንካት አለበት። በጣም ከወፈረ እጅ ይደክማል፣ በጣም ከቀጠነ በጨበጡት ቁጥር ይዞራል። ከራሱ ሥር ያለውን አንገቱን ትንሽ አሳሳው፣ ምቱ ወደ ክርን እንዳይመለስ።

ልጁ የመጣችው በዚህ መሀል ነው፣ ከሥራ በቀጥታ፣ የመናኸሪያውን የደንብ ልብስ እንደለበሰች። በቀኙ ተቀመጠች። ወለሉ ላይ ያለውን ልጥ አየች፣ ግድግዳው ጋ እጀታ አልባ የተቀመጠውን የእናቷን መዶሻ ራስ አየች።

«አጎቴ ነገረኝ» አለች።

«እህ።»

«ተናዷል።»

«ልክ ነው።»

እሱ ይልጣል።

«አባዬ፣ እስካሁን አላለቀስክም አይደል?»

«አላለቀስኩም።»

«ለምን?»

መስታወቱን አስቀመጠ። ጥያቄው አላስቆጣውም፤ እሱም ራሱን ጠይቆት ያውቃል።

«አላውቅም» አለ። «ይመጣል ብዬ እየጠበቅኩ ነው። ሳይመጣ ሲቀር፣ እየሠራሁ ልጠብቀው አልኩ።»

ልጅቷ ፍልጡ ውስጥ የተጣለውን የእጀታ ጫፍ አነሳች። ጣቶቿን በስምጡ ቦታ ላይ አስቀመጠች፤ ልክ አልሆነላትም፣ የእናቷ እጅ ትልቅ ነበር። ከዚያ የእጅ ቦርሳዋን ከፍታ ከተተችው።

«ስንጣሪው እንዳይወጋሽ» አላት፤ «የተፈለጠበት በኩል ሻካራ ነው።»

«እሺ፣ አባዬ።»

ስትሄድ እስከ መንገዱ ሸኛት። ተመልሶ መጥቶ እጀታውን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ። መዶሻውን ቁልቁል አንጠልጥሎ የእጀታውን ቂጥ በእንጨት ሲመታው ራሱ በገዛ ክብደቱ ወደ ላይ እየወጣ ይጠብቃል። ሽብልቁን መትቶ አስገባ፤ የተረፈውን በመጋዝ ቆርጦ በዘይት ወለወለው። ቫርኒሽ አልቀባውም፣ ያንሸራትታል።

በማግስቱ ብረቱን አጋለ፣ አወጣ፣ መታ። ብረቱ ተንቀሳቀሰ። እንደ ሁለት ሰው አይደለም፤ ድሮ በአንድ ግለት የሚያልቀው አሁን ደጋግሞ እሳት መግባት ነበረበት፤ ክርኑም እስኪለምድ ድረስ ማንኪያ ማንሳት አቅቶት ሰነበተ። ግን ብረቱ ተንቀሳቀሰ። ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ ቀጠነ። ማጠፊያዎቹ ሲያልቁ ጎን ለጎን አስተኝቶ አያቸው። ከዚህ በፊት ከእሷ ጋር ከሠሯቸው የሚለዩት በምት አሻራቸው ነው፤ አሻራው ትንንሽና ብዙ ነበር።

በሩን ለመግጠም ትምህርት ቤቱ ደጅ ከአናጢው ጋር ተገናኙ። አናጢው ሰላምታ ሰጠው፤ ከዚያ ውጭ የሥራ ነገር ብቻ አወሩ። ዘበኛው ወንበሩን አውጥቶ ተቀመጠና እንዲህ አድርጉ፣ እንዲያ አድርጉ እያለ ያዛቸው ጀመር፤ የሚሰማው ሲያጣ እንቅልፍ ወሰደው። በሩን አነሱ። ቀጥቃጩ በትከሻው ደገፈው፣ አናጢው የማጠፊያውን ዘንግ ቀዳዳው ላይ አነጣጠረ። የራሱ መዶሻ ቀላል ሆነችበት፤ ዘንጉ እምቢ አለ።

«ያንተን ስጠኝ» አለ ሳያየው።

ቀጥቃጩ በቀበቶው የሰካውን መዶሻ መዘዘና አቀበለው። አናጢው እጀታውን ያዘ። ያዘና ቆየ። ከዚያ መታ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ዘንጉ ገባ። መዶሻውን አልመለሰም። ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የበሩ ክብደት በሙሉ በቀጥቃጩ ትከሻ ላይ ነበር፤ የላዩ ዘንግ ገና አልገባም። ቢለቀው ይወድቃል፤ ሄዶ ሊያቅፈው አይችልም። ስለዚህ እዚያው ቆሞ ጠበቀው። ላብ በዓይኑ ገባ። አናጢው እስኪበቃው አለቀሰ፣ በክንዱ አፍንጫውን ጠረገ።

«እጀታው ትንሽ ረዝሟል» አለ።

«ለእኔ ልክ ነው።»

«እሺ። ከፍ አድርገው እስቲ፣ የላዩን ላስገባ።»

ከፍ አደረገው። የላዩም ገባ። በሩ ሲጢጥ ሳይል ወዲያና ወዲህ ተንቀሳቀሰ፤ አናጢው በአንድ ጣቱ ገፍቶ ከፈተው፣ በአንድ ጣቱ ስቦ ዘጋው። ዘበኛው ነቅቶ ጥሩ ነው፣ እኔ እንዳልኩት ሆነ አለ። ሁለቱ ዕቃቸውን ሰብስበው እስከ መታጠፊያው አብረው ሄዱ። አናጢው ነገ ጠዋት ብቅ ብዬ ያንን የሚያፈስ ጣሪያህን አይልሃለሁ አለው፤ ብቅም አለ።

ከዚያ በኋላ ቀጥቃጩ የትልልቅ ሥራ ደንበኞችን ወደ ሌላ ቀጥቃጭ መላክ ጀመረ። ለአንድ ሰው የሚሆን ሥራ አምጡልኝ ይላል፤ መቀርቀሪያ፣ መጥረቢያ፣ የመስኮት ፍርግርግ። ሰዉም ለመደው።

በእረፍቱ ቀን ልጁ ቤት ምሳ ይበላል። የለቅሶው ሳምንት ካለፈ ጀምሮ አንድም ቀን አልቀረም፤ የሰጡትን በልቶ፣ አመስግኖ፣ አውቶቡስ ይዞ ይመለሳል። ዝናቡ አብቅቶ መስኮት መከፈት በጀመረበት ሰሞን፣ ልጁ፣ ባሏና እሱ ሾርባ እየጠጡ ሳለ ማንኪያውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስደገፈ።

«ጨው አንሶታል» አለ።

ልጅቷ መብላቷን አቆመች። ባሏን አየችው።

«ሐኪም እሱን ጨው ከከለከለው ጀምሮ እንዲሁ ነው የምሠራው» አለች። «ስንት ጊዜ በላኸው እኮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ?»

«ምንም አላልክም፣ አባዬ።»

ተነስታ የጨው ዕቃውን አመጣችና በቀኝ እጁ በኩል አስቀመጠችለት። ቆንጠር አድርጎ ጨመረ፣ አማሰለ፣ ቀመሰ። ደግሞ ጨመረ። ሳህኑን ጨርሶ ሌላ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ።